እናታችንን የት እናኑራት? የአረጋውያን መኖሪያ ስለመምረጥና ከገቡ በኋላ ስላለው ኑሮ

«የበኩር ልጅ»፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ በዕድራችን ላነሣው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሰው በሚያውቀኝ ቦታ ሲነሣ ምክር መሆኑ ቀርቶ ፍርድ እንዳይሆንብኝ ስለሠጋሁ እዚህ አቅርቤዋለሁ።

እናታችን 81 ዓመቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእኔ ማመልከቻ ወደ ሜሪላንድ መጣች፤ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስንሯሯጥ ልጆቻችንን ያሳደገችልን እርሷ ናት። የመርሳት በሽታ እንደያዛት ሐኪም ከነገረን ቆይቷል፤ እስካለፈው ክረምት ድረስም እንደምንም ይዘነው ነበር። አሁን ግን ሌሊት ትነሣለች። ነጠላዋን አጣፍታ «ኪዳን ሊያመልጠኝ ነው» እያለች በሩን ትከፍታለች፤ በጥር ብርድ አንድ ሌሊት ፖሊስ ከዋናው መንገድ ዳር አግኝቶ አምጥቶልናል። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች፤ መድኃኒቷን አንዳንዴ ደግማ ትውጣለች፣ አንዳንዴም ትራስ ሥር ትደብቀዋለች።

ሲያትል ያለው ወንድሜ ጥሩ መኖሪያ ተፈልጎ ትግባ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ ይላል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ወደ ቤቷ መልሷት፣ እኔ አለሁ ትላለች። በስልክ ስንጨቃጨቅ እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማናለች። ከእናንተ የምፈልገው ያያችሁትን ነው። ቤቱን እንዴት መረጣችሁ? ከገቡ በኋላስ ምግቡ፣ ቋንቋው፣ ጾሙ፣ ክፍያው እንዴት ሆነ? ይገባል ወይስ ነውር ነው የሚለውን ክርክር በቤታችን በበቂ ሁኔታ አድርገነዋል።

«የማታ ፈረቃ»፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ፤ በትልልቅ ነርሲንግ ሆሞችም፣ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ባሉት ትንንሽ አሲስትድ ሊቪንግ ቤቶችም ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው ሁሉንም በጅምላ ነርሲንግ ሆም ይላቸዋል፤ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ግን መለየት አለባቸው። ነርሲንግ ሆም ቀንም ሌሊትም ነርስ የሚያስፈልገው ሰው የሚገባበት ነው። አሲስትድ ሊቪንግ የሚባለው ለመታጠብ፣ ለመልበስና መድኃኒት ለመውሰድ ረዳት የሚፈልግ፣ በቀረው ግን እንደ ቤቱ የሚኖር ሰው የሚቀመጥበት ነው። ሜሞሪ ኬር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ውስጥ የሚገኝ፣ በሩ በኮድ የሚከፈት፣ ለመርሳት ሕሙማን የተለየ ክፍል ነው። እናትዎ በእግራቸው እየሄዱ ሌሊት የሚወጡ ከሆነ ዋናው የሚያስፈልጋቸው የሚጠብቃቸው ዓይን ነው።

በሜሪላንድ የአሲስትድ ሊቪንግ ፈቃድ ሦስት የእንክብካቤ ደረጃዎች አሉት። ቤቱ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ብቻ የተፈቀደለት ከሆነ፣ እናትዎ እየደከሙ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር ሌላ ቤት ፈልጉ መባልዎ አይቀርም፤ ለመርሳት ሕመምተኛ ደግሞ ቤት መለዋወጥ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ገና በስልክ ሳሉ ደረጃውን ይጠይቁ። የግዛቱ ደንብ ኃላፊነት ያለባት ነርስ ቢያንስ በየ45 ቀኑ መጥታ ነዋሪዎቹን እንድታይ ያዛል፤ መጨረሻ የመጣችው መቼ እንደሆነ ሲጠይቁ የቤቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው መተያየት ከጀመሩ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

ነርሲንግ ሆሞችን የሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ ድረ ገጽ ከ2008 ጀምሮ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጠ ያወዳድራቸዋል። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ ለሠራተኛ ብዛት የተሰጠው ኮከብ የበለጠ እውነት ይናገራል። አሲስትድ ሊቪንግ ግን በየግዛቱ ሕግ ስለሚተዳደር እዚያ ላይ አይገኝም፤ የፍተሻ ውጤቱን ፈቃድ ከሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ረፋድ ላይ በፈገግታ የሚያስጎበኝዎት ሰው ሥራው መሸጥ ነው። እርስዎ ከእራት በኋላ፣ በተለይ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሳይነግሩ ተመልሰው ይሂዱና ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ይቁሙ። የጥሪ መብራት በርቶ ምን ያህል ይቆያል? የውሃው ብርጭቆ እጅ ከሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ከመስኮቱ ደፍ ላይ? የነዋሪዎቹ ጥፍር ተቆርጧል? ሠራተኛዋ ስታልፍ በስማቸው ትጠራቸዋለች? የመርሳት ሕመምተኛ የሚታወከው ሲመሽ ነው፤ ሠራተኛም የሚያንሰው ሲመሽ ነው። ሌሊት አንድ ሠራተኛ ለስንት ነዋሪ እንደሚመደብ ይጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

«ከአሌክሳንድሪያ»

የማታ ፈረቃ የጻፉትን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቴ ስትሮክ ከመታቸውና የመርሳት ሕመም ከተከተለባቸው በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ገቡ። ሕንፃው አዲስ ነበር፤ ኮከቡም መልካም ነበር። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በእንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሕመሙ በኋላ ግን እንግሊዝኛው ተሟጥጦ ሄደና አማርኛው ብቻ ቀረላቸው።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሌሊት ይጮኻሉ ተባልን። በመዝገባቸው ላይ «ተረብሸዋል፤ እርዳታ አልቀበልም ብለዋል» ተብሎ ተጽፎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ልናያቸው ስንሄድ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ማንኪያ ወደ አፋቸው ማድረስ ተስኗቸው አገኘናቸው። ወንድሜ አንድ ሌሊት አጠገባቸው ወንበር ላይ አደረ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነቅተው «ሽንቴ መጣ፣ ሽንቴ መጣ» አሉ። ረዳቷ መጣች፤ የብርድ ልብሱን አስተካክላ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጋ ልትወጣ ስትል እጇን ጨምድደው ያዟት። ተረበሹ የተባለው ይህ ነበር።

በማግስቱ የእንክብካቤ ዕቅዱ ስብሰባ እንዲጠራ ጠየቅን። በ1987 የወጣው የፌዴራል የነርሲንግ ሆም ሕግ ለሠራተኛው እንዲመች ብሎ ነዋሪን በማሠሪያም ሆነ በመድኃኒት መግታትን ይከለክላል። እንዲህ ያሉት የአእምሮ መድኃኒቶችም የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል። ይህን ጠቅሰን ስንነጋገር የስብሰባው አየር ተለወጠ፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ተቀነሰ። በአልጋው ራስጌ ሥዕል ያለበትና የአማርኛው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍን፤ ሽንት፣ ውሃ፣ ብርድ፣ ሕመም። ሌሊት በተወሰነ ሰዓት ወደ መጸዳጃ እንዲወስዷቸውም በዕቅዱ ውስጥ እንዲጻፍ አደረግን። በቃል የተነገረ ነገር ፈረቃ ሲለወጥ ይጠፋል፤ በዕቅዱ የተጻፈውን ግን መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ምግቡ፦ ከቤት እየሠራን እንወስዳለን፤ ማቀዝቀዣው ላይ ስማቸውና ቀኑ ተጽፎ ይቀመጣል። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ከሆነ ግን ባለሙያዋን ሳታማክሩ ምንም አታጉርሱ፤ በደንብ የራሰ ፍትፍት እንኳ ትን ሊል ይችላል። እኛ ሽሮውን አቅጥነን፣ እንጀራውን አልመን እንድንሰጥ ተፈቅዶልናል። ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባታቸው መጥተው ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጸናበት ነገሯቸው። አባቴ አልተቀበሉም። ስለዚህ በጾም ቀን በሥጋው ፋንታ ምስርና ባቄላ እንዲቀርብላቸው ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ተስማማን፤ ክብደታቸውም አልቀነሰም።

«የአገር ልጅ»፣ ዳላስ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚህ የሚጻፈው ሁሉ ከገቡ በኋላ እንዴት ይሻሻል የሚል ብቻ ሆነ። እኛ ወላጆቻችን የወለዷቸውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አገላብጠው ሲጦሩ እያየን ያደግን ነን። ልጆቻችንን አዝላ ላሳደገች እናት በገዛ ቤታችን አንድ ክፍል አጥተን፣ ስሟን በቅጡ መጥራት ለማይችል ባዕድ ወር በወር እየከፈልን እናስረክባለን። ሥራ አለብን የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም፤ ሁለተኛ ቤት ለመግዛት ጊዜ ያላጣን ሰዎች ነን። የሚከፋችሁ ብትኖሩም ያመንሁበትን ተናግሬአለሁ።

«አማቷን የጦረች»፣ ኮሎምበስ

ወንድሜ፣ አልተከፋሁም፤ ነገር ግን አያትዎን ያገላበጧቸው ስንት ሰዎች እንደነበሩ ያስታውሱ። እናትዎ፣ አክስቶችዎ፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቡና ሲፈላ የምትገባዋ ጎረቤት ነበሩ። እኔ የባለቤቴን እናት በቤቴ ስጦር ማንም አልነበረም። ገላ ለማጠብ ሳነሣቸው ወገቤ ተጎዳ፤ ሥራዬን ለቀቅሁ፤ ባለቤቴ ትርፍ ሰዓት ስለጨመረ ጭራሽ ከቤት ጠፋ። አማቼ ንጹሕ ሆነው፣ ተከብረው፣ በልጆቻቸው መካከል አርፈዋል፤ በዚህ ደስተኛ ነኝ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ «በቤት ይጦሩ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ትጡራቸው ማለት ነው። ስለ ነውር አጥብቀው የሚናገሩት የባለቤቴ ወንድሞች በፋሲካ ዶሮ ሊበሉ የሚመጡት ነበሩ።

በቤት ለማቆየት ለሚወስን ሰው የምጨምረው አለኝ። በብዙ ግዛቶች የሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የተሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ የቤት ውስጥ እንክብካቤ መርሐ ግብር የቤተሰብ አባል ተመዝግቦ እንዲከፈለው ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩ ግን በየግዛቱ ይለያያል። በር ሲከፈት የሚጮኽ ደወልና የምድጃ መዝጊያ መሣሪያ ከማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር ይገዛል። ቀን ቀን አዳልት ዴይ ኬር ወደሚባለው የአረጋውያን የቀን መዋያ የሚወስድ መኪና በር ድረስ ይመጣል፤ አንዳንዶቹ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አላቸው። በዚህ መንገድ ቀኑን ፈትተነው ነበር። ሌሊቱን ግን አልፈታነውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጆሮዬ ነው የተኛሁት።

«ወረቀት አገላባጭ»፣ ቨርጂኒያ

በሆስፒታል ሶሻል ወርከር ነኝ። ቤተሰብ ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አረጋዊው ወድቀው ከተሰበሩ በኋላ፣ «ነገ ይወጣሉ፤ ቦታ ምረጡ» በተባለበት ዕለት ነው። በዚያን ዕለት የሚመረጠው ክፍት አልጋ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የበኩር ልጅ፣ እናትዎ ከመውደቃቸው በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረቀቱንም አሁኑኑ ይጀምሩት።

ሜዲኬር ነርሲንግ ሆም ይከፍላል ተብሎ የሚወራው በከፊል ብቻ ነው እውነትነቱ። መደበኛው ሜዲኬር የሚከፍለው ሰውየው ቢያንስ ሦስት ቀን በሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ በኋላ፣ ለማገገሚያ፣ እስከ 100 ቀን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ግን በየቀኑ ድርሻ ይከፈላል። ሆስፒታሉ «ለክትትል ብቻ ነው ያስተኛናቸው» ካለ እነዚያ ቀናት ከሦስቱ ውስጥ አይቆጠሩም፤ ይህንን ሆስፒታል ሳላችሁ ጠይቁ። የመርሳት ሕመምተኛን ዓመት ከዓመት ማኖር የሜዲኬር ሥራ አይደለም። የኪስ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ነርሲንግ ሆምን የሚከፍለው ሜዲኬድ ነው። አሲስትድ ሊቪንግን ደግሞ ሜዲኬድ ቢረዳ እንኳ የሚከፍለው ለእንክብካቤው እንጂ ለመኝታና ለምግቡ አይደለም፤ ተራውም ረጅም ነው። ጄንዎርዝ የተባለው የመድን ኩባንያ በ2024 ባወጣው አገር አቀፍ ጥናት መካከለኛው የአሲስትድ ሊቪንግ ዋጋ በዓመት 70,800 ዶላር ሲሆን፣ ሁለት ሰው በሚኖርበት የነርሲንግ ሆም ክፍል ከ111,000 ዶላር በላይ ነበር። ወንድምዎ የጎደለውን እሞላለሁ ሲሉ ይህን ቁጥር አይተውት እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ሜዲኬድ ማመልከቻውን ሲመለከት የአምስት ዓመት የኋላ ታሪክ ይመረምራል። ወላጅ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቤቱን በልጁ ስም አዙሮ ወይም ገንዘብ ሰጥቶ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ እርዳታው ይከለከላል። ስለዚህ በጓደኛ ምክር ስም አታዙሩ፤ በዚህ ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ አማክሩ።

እናትዎ በ2013 የመጡ ስለሆኑ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ሜዲኬድ ለማግኘት የሚጠብቁት አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሆኖም ዜጋ እስካልሆኑ ድረስ የስፖንሰራቸው፣ ማለትም የእርስዎ፣ ገቢ ሊቆጠርባቸው ይችላል፤ ዜግነት ሲያገኙ ይህ ይቀራል። በመርሳት ሕመም ምክንያት እንግሊዝኛውንና የዜግነት ፈተናውን ማጥናት የማይችል ሰው ሐኪም ኤን-648 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶለት ከሁለቱም ነፃ ሊሆን ይችላል፤ መሐላውን መረዳት ለማይችልም የተለየ ድንጋጌ አለ። ቅጹን በጥድፊያ የሚሞላ ሐኪም ያስመልስባችኋል። የሕመሙ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ሕመሙ መማርን እንዴት እንደሚከለክል በዝርዝር መጻፍ አለበት።

የውክልና ሥልጣን ወረቀት የሚፈረመው እናትዎ የሚፈርሙትን መረዳት እስከቻሉ ድረስ ብቻ ነው። ያ ካለፈ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ይመጣል፤ ረጅምና ውድ ነው። በመጨረሻም ነርሲንግ ሆም ስታስገቡ ከሚቀርብላችሁ የወረቀት ክምር መካከል «ኃላፊ ወገን» ተብሎ ልጁ እንዲፈርም የሚጠይቅ ገጽ ይኖራል። የፌዴራል ሕጉ ነርሲንግ ሆም ለመቀበል ሲል ቤተሰብ ከራሱ ኪስ ዋስ እንዲሆን ማስገደድን ይከለክላል። የእናትዎን ገንዘብ በውክልና የሚያስተዳድሩ መሆንዎን ገልጸው ይፈርሙ፤ ከዚያ የሚያልፈውን ሠርዘው ይመልሱ።

«አዛውንቱ»፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ዕድሜዬ 84 ነው፤ የምኖረው ለአረጋውያን በተሠራ የመንግሥት ድጋፍ ያለው አፓርትመንት ነው። ዕድሜው 62 የሞላው፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል፤ ኪራዩም የገቢው 30 በመቶ ነው። ተራው ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጉልበት ሳለ መመዝገብ ይበጃል። በሕንፃው ውስጥ ሐበሾች አለን፤ ጠዋት ጠዋት ከአንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፤ ያልመጣ ሰው በሩ ይንኳኳል። ልጄ ከእኔ ጋር ኑር ብሎኝ ነበር፤ ከእርሱ ቤት ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻዬን እውል ስለነበር እምቢ አልሁ። ይህ ግን ራሱን ለሚችል ሰው ነው፤ እናትሽን አይሆናትም።

የኔ ልጅ፣ እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጣ ትሰማናለች ብለሻል። እርሷን የጠየቃት ማን ነው? የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ጠዋት ከቁርስ በኋላ ልቡ ጥርት የሚልበት ሰዓት አለው። መኖሪያ ትገቢያለሽ ወይ ብለሽ አታስጨንቂያት፤ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራት፣ ከማን ጋር መዋል እንደምትወድ፣ ማን ቢያጥባት እንደማታፍር ጠይቂያት። ደግሞም በሩን የምትከፍተው ለኪዳን ነው። ምናልባት ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ሰው ቢኖር ሌሊቱን ታርፍ ይሆናል።

ሕመማችንንም አትደብቁን። ሐኪሙ ለልጄ ብዙ ከተናገረ በኋላ ልጄ ለእኔ «ደህና ነዎት ይላል» ብሎ አሳጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚ ካልመጣ አልናገርም እላለሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በዲሲም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

«ከነታኒያ»

ከእስራኤል ሰላም። እዚህ የእኛ ሽማግሌዎች «ቤት አቮት» (የአረጋውያን መኖሪያ) የሚገቡት እጅግ ሲከብድ ነው። ከ1988 ጀምሮ የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋሙ) የእንክብካቤ ሕግ በቤቱ ሆኖ ረዳት ለሚያስፈልገው ጡረተኛ የረዳት ሰዓታት ይሰጣል፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ የምትናገር መታፔሌት (ረዳት) መጠየቅም የተለመደ ነው። የእኛ ችግር የመጣው በምዘናው ቀን ነው። መዛኟ ገብታ እናቴን «ራስሽ ትታጠቢያለሽ? ምግብ ታበስያለሽ?» ስትላት እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ «አዎን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ» አለች። እንግዳ ፊት ድካምን መናገር አልለመደችም። ሰዓቱ ተከለከለ፤ በይግባኝ ነው ያስመለስነው። በእናንተም አገር ለደረጃው ምዘና አለና፣ በዚያን ቀን የቤተሰብ ሰው ተገኝቶ በየዕለቱ የሚሆነውን በጽሑፍ ይስጥ።

«ከቦሌ»

ወደ አገር ቤት ይመለሱ ለሚለው ሐሳብ እኔ ልናገር፤ አባታችንን ከአትላንታ ያመጣናቸው እኛ ነንና። ምግቡ፣ ቋንቋው፣ ቄሱ፣ ጠያቂው ዘመድ ሁሉም ደስ ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊታቸው በርቶ ነበር። ነገር ግን የመርሳት ሕመምተኛን መያዝ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ የቀጠርናቸው ልጆች ደግሞ ሥራውን ሲለምዱት ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። መቄዶንያና ክብረ አረጋውያን የመሳሰሉት ድርጅቶች የተቋቋሙት ጧሪ ላጡ ወገኖች ስለሆነ ልጆች ያሏቸውን አረጋዊ ወስዶ እዚያ ለማስገባት መሞከር ተገቢ አይደለም። ሜዲኬር እዚህ አይሠራም፤ ሐኪሙም መድኃኒቱም በጥሬ ገንዘብ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ የቀረ ሰው የመመለስ መብቱን ሊያጣ ይችላልና፣ የመመለሻ ፈቃዱን አሜሪካ ሳላችሁ ማመልከት አለባችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እህትሽ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። አባታችን ራሳቸው በሠሩት ቤት ሳሎን ተቀምጠው፣ ሲመሽ ከዘራቸውን አንሥተው «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቤቴ አድርሱኝ» ይላሉ።

«ከቤይ ኤሪያ»

አንድ ሌላ አማራጭ ስላልተነሣ ላክል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ያሉ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቻቸውን ቋንቋቸው ወደማይነገርበት ሩቅ ነርሲንግ ሆም መላክ ስላልፈለጉ፣ ኦን ሎክ የሚባል የቀን ማእከል ተመሠረተ። ሽማግሌው ማታ በቤቱ ያድራል፤ ቀን በማእከሉ ሐኪም ያየዋል፣ የለመደውን ምግብ ይበላል፣ መኪና ያመላልሰዋል። ሐሳቡ ፔስ በሚል ስም በ1997 በሕግ የሜዲኬር ቋሚ አካል ሆነ። ዕድሜው 55 የሞላውና የነርሲንግ ሆም እንክብካቤ የሚያስፈልገው፣ መርሐ ግብሩ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ሊገባበት ይችላል። በሁሉም አካባቢ የለም። የእኛ ማኅበረሰብ ሕንፃ ለመግዛት በየከተማው ገንዘብ ሲያሰባስብ እያየሁ፣ ከአዳራሹ ጎን እንዲህ ያለ ነገር ለምን አይታሰብም እላለሁ።

«የበኩር ልጅ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የዳላሱን ወንድሜንም ጭምር። የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ገና አልደረስንም፤ ነገር ግን ክርክራችን መልክ ይዟል። እናታችንን በጠዋት ጠየቅኋት። ሌሊት የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ስላት «ሰው የለም፤ ሁሉም ተኝቷል» አለችኝ። እህቴ የቦሌውን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ የመመለሱን ነገር ለጊዜው ትታዋለች። ወንድሜ ዋጋውን አይቶ ዝም ብሎ ነበር፤ ኋላ በየወሩ ሊልክ የሚችለውን በቁጥር ተናገረ፤ ካሰብሁት ያነሰ ቢሆንም ቁጥር መሆኑ ይሻላል። የኤን-648ቱን ቀጠሮ ይዘናል፤ ውክልናውም እርሷ እየተረዳችው ተፈርሟል።

ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ቦታ ለሦስተኛው ደረጃ የተፈቀደለት ትንሽ ቤት አግኝተናል። ሌሊት የምታድረው ረዳት አማርኛ ትናገራለች፤ ከእራት በኋላ ሳልነግራቸው ሄጄ አግኝቻታለሁ፤ ከአንዲት ነዋሪ ጋር ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ለሙከራ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንድትገባ ተስማምተዋል። የማታ ፈረቃ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ የመጀመሪያው ቀን እንዴት ይሁን?

«የማታ ፈረቃ»

ጠዋት ይውሰዷቸው፤ ከሰዓት በኋላ የገባ ሰው ቦታውን ሳያውቀው ይመሽበታል። ዓርብን ይተዉት፤ ቅዳሜና እሑድ ነርሷም ኃላፊዋም አይኖሩም። የራሳቸውን ጋቢ፣ ትራስና የጸሎት መጽሐፍ ቀድመው አልጋው ላይ ያኑሩ፤ ወርቅ ካላቸው ግን ቤት ይቅር። ልብሱ ሁሉ ላይ ስም ይጻፍ፤ የሚጠፋው ነጠላ ነው። ለሠራተኞቹ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ምን ብለው እንደሚጠሯቸው፣ ለኪዳን ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ቡና ያለ ስኳር እንደሚጠጡ፣ ወንድ እንዲያጥባቸው እንደማይፈልጉ ይጻፍበት። መድኃኒቱን ከነጠርሙሱና ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ይስጡ። በሜሪላንድ ሞልስት የሚባለው የሕይወት ማቆያ ሕክምና ትእዛዝ ቅጽም ስለሚጠየቅ፣ ልብ ቢቆም ምን ይደረግ የሚለውን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በር ላይ ቆሞ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ሲሰናበቱ ምሳ ሊቀርብ ሲል ይሁን፤ ረዳቷ ወደ ማዕዱ ትወስዳቸዋለች። ጎብኚ ለመጀመሪያው ሳምንት አይምጣ የሚሉ ቤቶች አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። በየቀኑ ሰዓቱን እየለዋወጡ ይሂዱ፤ አንዳንዴም ከእራት በኋላ። ቅሬታ ሲኖር መጀመሪያ ለነርሷ፣ ካልተሰማ በግድግዳው ላይ ስልኩ ለተለጠፈው ኦምቡድስማን፣ ማለትም ለነዋሪዎች ተሟጋች ይደውሉ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ለአሲስትድ ሊቪንግም ይሠራል። ለሌሊቷ ረዳት ደግሞ ስልክዎን ይስጧት፤ እናትዎ ለኪዳን ሲነሡ ደውላ ድምፅዎን ታሰማቸዋለች።